ጥዱ አለ፤ የጥዱ ልጅ ግን የት አለ?

ከሳንታ ሞኒካ፣ ካሊፎርኒያ

ከጥቂት ወራት በፊት በፌርፋክስ ጎዳና ከሚገኙት ምግብ ቤቶቻችን በአንዱ ተሰብስበን ነበር። ጉዳዩ ቀላል ነው። በሰሜን ሸዋ የአንድ ደብር ተወላጆች ለተራቆተው የቤተ ክርስቲያናቸው አጸድ ችግኝ ማስተከያ ገንዘብ እናዋጣ ብለው ጠሩን፤ ሄድን። ቡናው ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው ሰብሳቢያችን ከአገር ቤት የተላከላቸውን ፎቶግራፍ በስልካቸው አሳዩን። በጥቁር ላስቲክ የበቀሉ ለምለም ችግኞች ተደርድረዋል። «የአያቶቻችን ጥድ ይኸውላችሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ተሰብሮ።

ስልኩን ተቀብዬ ከችግኞቹ ጀርባ የቆመውን ዛፍ አጉልቼ አየሁት። ቅርንጫፎቹ ላይ ክብ፣ ደረቅ፣ የተሰነጣጠቀ ፍሬ ተንጠልጥሏል። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዘሩ የተለቀመው ከዚህ ዛፍ ከሆነ፣ ይህ የአያቶቻችን ጥድ አይደለም። የሜክሲኮ ዛፍ ነው» አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እንግዲያው የእኛው የትኛው ነው? ጻፈውና እንወቀው» አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። «ሰው በሚያልቅበት ዘመን ስለ ዛፍ ይወራል ወይ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከስደት የሚላክ ገንዘብ በየዓመቱ ወደ መሬት እየገባ ነው፤ የምንተክለውን ሳናውቅ የምንተክል ከሆነ በቅን ልቡና የምናጠፋው ነገር አለ።

ስሙ አንድ፣ ዛፉ ሁለት

በአገራችን ዛሬ «ጥድ» ተብለው የሚጠሩ ሁለት ዛፎች አሉ። አንደኛው የሐበሻ ጥድ ነው፤ በትግርኛ ጽሕዲ፣ በኦሮምኛ ጋቲራ ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ነው። ሁለተኛው የፈረንጅ ጥድ የምንለው ኩፕረስስ ሉሲታኒካ ነው። የዚህ የሁለተኛው ስም አስቂኝ ነው። «ሉሲታኒካ» ማለት «የፖርቱጋል» ማለት ሲሆን ዛፉ ግን የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተራሮች ተወላጅ ነው። አውሮፓውያን በፖርቱጋል ተተክሎ ስላገኙት የፖርቱጋል አሉት፤ እኛ ደግሞ ከፈረንጅ እጅ ስለተቀበልነው የፈረንጅ አልነው። የትውልድ አገሩ ድንበር ግን እኛ ካለንበት ከሎስ አንጀለስ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው።

ሁለቱ ዛፎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች፣ የአጎት ልጆች ያህል ናቸው። ጥድ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ «ፓይን» ተብሎ ይተረጎማል እንጂ ሁለቱም ፓይን አይደሉም። በዚህ ረገድ የስም መደበላለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራበት የሊባኖስ ዛፍ «ዝግባ» ተብሏል። የእኛ ዝግባ ግን ከሊባኖሱ ጋር በዘር አይገናኝም፤ ከቅርጹና ከግርማው የተነሣ የተሰጠ የትርጉም ስም ነው። ጥድና ዝግባ በደጋው ኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉ ሁለቱ ታላላቅ የኮኒፈር ዛፎች ናቸው፤ ባሕር ዛፉ፣ ፓይኑና የፈረንጅ ጥዱ በሰው እጅ የመጡ እንግዶች ናቸው።

ሁለቱን ጥዶች ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ፍሬውን ማየት ይበቃል። የፈረንጁ ጥድ ፍሬ እንጨት ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቅና ዘሩን ለነፋስ ይሰጣል። የሐበሻው ጥድ ፍሬ ለስላሳ ነው፤ ከአተር እምብዛም የማይበልጥ፣ ሲበስል ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ በላዩ ነጭ ሰም የተነሰነሰበት የሚመስል። ይህች ፍሬ በእጽዋት ሳይንስ ዓይን እውነተኛ ፍሬ አይደለችም። የፈረንጁ ጥድ እንጨት አድርጎ የሠራውን ቅርፊት የሐበሻው ሥጋ አድርጎ፣ አንዱን ከአንዱ አጣብቆ የሠራት ናት። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች እንጂ የዛፉ ዕጣ ፈንታ በእርሷ ላይ ነው። የእንጨቱ ፍሬ ነፋስ ይበቃዋል፤ የሥጋዋ ፍሬ ግን ወፍ ትፈልጋለች።

አድዋ ላይ ያረፈው ሰብሳቢ

ዛፉ ወደ ዓለም የእጽዋት መዝገብ የገባበት ታሪክም ከእኛው አገር የሚነሳ ነው። ጀርመናዊው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ለእጽዋት ለቀማ የመጣው ሰው በዚያው ቀረ። በደጃዝማች ውቤ ዘመን በትግራይ የእንትጮ ግዛት ተሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1878 አድዋ ውስጥ አረፈ። እርሱ እያደረቀ ወደ አውሮፓ ይልካቸው ከነበሩት ናሙናዎች ተነሥቶ ሆክሽቴተር ስሙን አወጣለት፤ ኤንድሊኸር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1847 በመጽሐፍ አሳተመው። «ፕሮሴራ» በላቲን ረጅም፣ ለግላጋ ማለት ነው። ስሙ ይገባዋል። በዓለም ላይ 60 ያህል የጁኒፐር ዓይነቶች ሲኖሩ አብዛኞቹ ቁጥቋጦ ወይም አጭር ዛፍ ናቸው። ከሎስ አንጀለስ ወደ ሞሃቬ በረሃ ስንወጣ መንገድ ዳር የምናየው የካሊፎርኒያ ጁኒፐርም ቁጥቋጦ ወይም አጭር ዛፍ ነው። በየግቢው በር ላይ ተጠማዝዞ የቆመው «የሆሊዉድ ጁኒፐር» የሚሉትም ከምሥራቅ እስያ የመጣ ጌጥ ነው። የእኛው በተመቸው ሥፍራ እስከ 40 ሜትር ይደርሳል።

ሌላም የሚለይበት ነገር አለ። የጁኒፐር ዘር በሙሉ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ነዋሪ ነው፤ የምድር ወገብን በተፈጥሮ የተሻገረው ይህ አንዱ ብቻ ነው። በሳውዲው አሲርና በየመን ተራሮች ይጀምርና ኤርትራን፣ ጅቡቲን፣ ሰሜን ሶማሊያን፣ ኢትዮጵያን ይዞ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል እስከ ማላዊና ዚምባብዌ ይወርዳል። ጉዞው በአንድ ሰንሰለት አይደለም፤ ከተራራ ወደ ተራራ እየዘለለ እንደ ደሴት ነው። በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ደረቅ ደጋ ይበቅላል፤ ጓደኛውም ወይራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቅ መነገር አለበት። ዛፉ እንደ ዝርያ ሲቆጠር ብርቅ አይደለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል አልመዘገበውም። ብርቅ እየሆነ የመጣው ደኑ ነው። በጅቡቲ የዳይ ደን ጥዶች በብዛት ቆመው ደርቀዋል። በአሲርም እንዲሁ። በትግራይና በአፋር ድንበር ላይ በሚገኘው ደስአ ደንም ቆመው የደረቁ ጥዶችና ወይራዎች መበራከታቸው እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ተመልክቷል። ከሁሉም በላይ ብርቅ የሆነው ደግሞ የጥድ ልጅ ነው፤ በራሱ የበቀለ፣ ጉልበት ድረስ የደረሰ ትንሽ ጥድ።

ለመሆኑ ልጁ ለምን አያድግም?

ይህን ለመረዳት የዛፉን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ደረጃ የሐበሻ ጥድ እንደ ኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴ አለው። አልፎ አልፎ ሁለቱን በአንድ ግንድ የያዘ ቢገኝም አብዛኛው ጊዜ አንዱ ዛፍ ብናኝ ብቻ፣ ሌላው ፍሬ ብቻ ያፈራል። ብናኙን የሚያደርሰው ነፋስ ነው። ስለዚህ በአንድ ኮረብታ ላይ ብቻውን የቀረ ሴቴ ጥድ ፍሬ ቢያንጠለጥልም ዘሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፍሬው ለመብሰል ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ሲበስል ወፎች ይበሉታል፤ ዘሩን ርቀው ይጥሉታል። በደቡብ በነገሌና በአሬሮ አካባቢ የጥድ ደን ውስጥ የሚኖረውና በየትም ሌላ አገር የማይገኘው የሩስፖሊ ቱራኮ ከእነዚህ ፍሬ በል ወፎች ወገን ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ጉዳይ ብርሃን ነው። የጥድ ችግኝ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር፣ በገዛ እናቱም ጥላ ሥር ቢሆን፣ አይበረታም። በጥላ ሥር የሚያድጉት እንደ ዝግባና ወይራ ያሉት ናቸው። ጥድ ክፍት መሬት ቀድሞ የሚይዝ ዛፍ ነው፤ እሳት ያለፈበት ገደል፣ የተተወ ማሳ፣ ትልቅ ዛፍ የወደቀበት ክፍተት። በኬንያም የደን ባለሙያዎች ታላላቆቹ የጥድ ደኖች ከጥንት ቃጠሎ በኋላ በአንድ ጊዜ የበቀሉ መሆናቸውን ከብዙ ጊዜ በፊት አስተውለዋል። ሰውም ደኑም ሳይነካው ዘላለም የሚኖር የጥድ ደን የለም ማለት ነው፤ ከጊዜ በኋላ ቦታውን ለሌላው ይለቃል፣ እርሱ ደግሞ ሌላ ክፍት ቦታ ይይዛል።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ እንመለስ። በሰሜኑ ደጋ ከአውሮፕላን ቁልቁል ሲታይ ቢጫ ማሳ መካከል ነጠላ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ የሚታየው ያ አጸድ የአባቶቻችን ትልቅ ውለታ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት እንጨታማ ተክል መዝግበዋል። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ቀጥለው ባደረጉት ጥናት ደግሞ ከብት እንዳይገባ በታጠረው ቦታ ችግኝ በቅሎ ሲተርፍ፣ ከብት በሚገባበት እንደሚመናመን አሳይተዋል።

ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ እናስቀምጣቸው። ከአጸዱ ውስጥ ጥላ አለ፤ የጥድ ልጅ ጥላ አይችልም። ከአጸዱ ውጭ ፀሐይ አለ፤ እዚያ ግን ከብትና ማረሻ አለ። ወፏ ዘሩን ወዴት ትጣለው? ለዚህ ነው በብዙ አጸድ ውስጥ አያት ቅድመ አያት የሆኑ ጥዶች ቆመው ልጅና የልጅ ልጅ የሚታጣው። አረጋውያኑ ጥዶች በሕግም በሃይማኖትም ተጠብቀዋል። የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ በስም ከጠቀሳቸው ዛፎች አንዱ ጥድ ነበር፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዋንዛና ዝግባ ናቸው። አዋጁ በኋላ በሌሎች ተተክቷል። ነገር ግን እንዳይቆረጥ መከልከል አንድ ነገር ነው፤ እንዲወለድ ቦታ መስጠት ሌላ ነገር ነው።

ይህን የስደተኛ ምሳሌ ማድረግ ይቀናል። ከእናቱ ጥላ ወጥቶ ካልሆነ የማያድግ ልጅ፣ በሩቅ አገር ወፍ የጣለችው ዘር... በፌርፋክስ ጠረጴዛ ዙሪያ ይህን የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ዛፉን ዛፍ አድርጌ ልጨርስ።

ደኑ አንድ ጊዜ ተመልሶ ነበር

«በ1900 የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ቀረ» የሚለውን አባባል ያልሰማ የለም። ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ ቁጥር ነው። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ይህን ትረካ ሞግተውታል፤ ብዙው የሰሜን ደጋ ከዚያ በፊትም ለረጅም ዘመን የታረሰና የተገላለጠ መሆኑን አሳይተዋል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ከሐይቅ ጭቃ የተገኘው ማስረጃ ነው። ዳርቢሻየር፣ ላምና መሐመድ ዑመር በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከሁለት ሐይቆች ሥር ያወጡትን ጭቃ ብናኙን እየቆጠሩ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ። ውጤቱ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት አካባቢ የዝግባና የጥድ ደን ተመነጠረ። ከዚያ በኋላ ለ1,800 ዓመት ያህል አገሩ ቁጥቋጦና ሣር ሆኖ ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ግን የጥድ ደን፣ ወይራን አስከትሎ፣ ተመልሶ ተስፋፋ። ምናልባት ዝናቡ ጨምሮ፣ ምናልባትም የሰው ጫና ቀንሶ ይሆናል። ከዚያ እንደገና ተመነጠረ።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ጥፋቱ የአንድ ዘመን ወይም የአንድ መንግሥት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም በየጊዜው የምንወደውንና የምንጠላውን ሥርዓት ለመወንጀል ስንጠቀምበት የኖርነው ቁጥር ያን ያህል አያገለግለንም። ሁለተኛ፣ ጥድ ፋታ ሲያገኝ መመለስ ይችላል። በትውፊት ደግሞ በዚያው ዘመን መባቻ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ተራራ እንዳስተከሉ ይነገራል። ዛሬ መናገሻ ሱባ በሚባለው ደን ውስጥ ታላላቅ ጥዶች አሉ።

ዛፉ ራሱም መዝገብ ነው። ዝናብ በዓመት አንድ ጊዜ በሚመጣበት ሥፍራ የጥድ ግንድ በየዓመቱ አንድ የእድገት ቀለበት ይሠራል፤ ክረምቱ ሲያጥር ቀለበቱ ይጠባል። ቶሚ ዊልስና ዘውዱ እሸቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ከጥድ ቀለበት የዓባይን የጥንት ፍሰት ማንበብ ይቻል እንደሆነ የሞከሩበትን ጥናት አሳትመዋል። ሥራው ቀላል አይደለም፤ በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አገር ቀለበቱ ይደበላለቃል። ቢሆንም ስለ ዓባይ ያን ያህል የምንከራከር ሕዝብ፣ የወንዙ ማኅደር በከፊል በጥዶቻችን ግንድ ውስጥ መሆኑን ማወቅ ይገባናል። አንድ አሮጌ ጥድ ለማገዶ ሲፈለጥ የሚጠፋው እንጨት ብቻ አይደለም።

ከሳንታ ሞኒካ የምንማረው

እኔ በምኖርበት በሳንታ ሞኒካ፣ ውቅያኖሱን ቁልቁል በሚያየው መናፈሻ ስሄድ የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣብኛል፤ እንጦጦ ያለሁ ይመስለኛል። ግጥጥሞሹ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 አቦት ኪኒ የተባለ ባለሀብት፣ ኋላ ቬኒስን የቆረቆረው፣ በሳንታ ሞኒካ ረስቲክ ካንየን ባሕር ዛፍ የሚሞከርበት የደን ጣቢያ እንዲቋቋም አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1895 ስለ ባሕር ዛፍ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ገባ። ሁለቱም ጋር ችግሩ አንድ ነው፤ እንጨት ፈጥኖ ይፈለጋል። መፍትሔውም ከአውስትራሊያ መጣ።

ባሕር ዛፍን ለመውቀስ አይደለም። ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ አዲስ አበባ በምን ትነድ ነበር? የተረፉት ጥዶችም ባልተረፉ ነበር። የፈረንጅ ጥድም እንዲሁ፤ ለአጥር፣ ለቤት መሥሪያ ፈጥኖ ይደርሳል። ቁም ነገሩ ሥራቸው የተለያየ መሆኑ ነው። ፈጥኖ የሚደርሰው ዛፍ ሰብል ነው፤ ይተከላል፣ ይታጨዳል። የሐበሻ ጥድ በዓመት የሚወፍረው በሚሊሜትር የሚለካ ነው፤ ምስጥ የማይደፍረው ቀይና መዓዛማ እንጨቱ የዚያ ዝግታ ውጤት ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ከኬንያ እየተላከ በእርሳስ ፋብሪካ ውስጥ ያለቀው ጥድም ይኸው ዛፍ ነበር። የመቶ ዓመት ሥራ በእርሳስ መቅረጫ እንደ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በአገራችን በየክረምቱ የሚነገረው የችግኝ ቁጥር በቢሊዮን ሆኗል። ለማጣጣል አልፈልግም፤ ሰው እጁን አፈር ውስጥ ማስገባቱ በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን የተተከለው ሲቆጠር የጸደቀው ካልተቆጠረ፣ ዝርያውም ካልተጠየቀ፣ ነገሩ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል።

ስለዚህ ገንዘብ የምናዋጣ ሰዎች አራት ጥያቄ ብንጠይቅ እላለሁ። አንደኛ፣ የትኛው ጥድ ነው? ዘሩ የተለቀመበትን ዛፍ ፍሬ በፎቶግራፍ ያሳዩን። ሁለተኛ፣ ዘሩ ከየት መጣ? ከዚያው አካባቢ፣ ከብዙ እናት ዛፍ፣ ወንዴና ሴቴ አብሮ ካለበት ቢሆን ይመረጣል። ሦስተኛ፣ የት ይተከላል? ከአረጋውያኑ ሥር ሳይሆን ከአጸዱ ጠርዝ፣ ፀሐይ ካለበት። አራተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከከብት ማን ይጠብቀዋል? ለዚህ በደቡብ ጎንደር የተሞከረ መልስ አለ፤ ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ በአጸዱ ዙሪያ መካብ። ካቡ ከነባሩ ዛፍ ጥቂት እርምጃ ወጣ ብሎ ቢካብ ወፏ የጣለችው ዘር በራሱ ይነሣል፤ ገበሬውም ማሳው ከድንጋይ ይጸዳለታል።

ይህን ሁሉ በሚቀጥለው ስብሰባችን ላይ ተናገርኩ። ክርክር ተነሣ። አንዱ «የድንጋይ ካብ ፎቶግራፍ ለማን ይታያል? ሰው የሚያዋጣው ለምለም ችግኝ ሲያይ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ሌላዋ «ለካብ የሰጠሁት ገንዘብ ዛፍ ሳያበቅል ቢቀርስ?» አለች። እርሷም እውነቷን ነው። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙና በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «እኔ እንደሁ የማየው አይደለሁም። ችግኙ ቢተከልም ካቡ ቢካብም ጥድ ሆኖ የማየው አይደለሁም። የማላየውን ነገር ካልሆነ በትክክል ላድርገው።» ግማሹ ለካቡና ለዘበኛ፣ ግማሹ ከወፍ ዋሻ አቅራቢያ ከሚለቀም ዘር ለሚፈላ ችግኝ እንዲሆን ተስማማን።

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይላሉ አበው። አረጋውያኑ ጥዶች ገና ዘር ያፈራሉ፤ ወፎቹም ገና አሉ። የጎደለው በጥላውና በማሳው መካከል የምትሆን አንዲት ጠባብ ፀሐያማ ቦታ ናት።

ቸር ይግጠመን።